በሩን ማጥበብ

በሰፈራችሁ ኳስ ስትጫወቱ በረኛ የሚሆነው ማን ነበር? እስኪ አስታውሱ። በእኛ ሰፈር፣ ሳሪስ፣ በር የሚቆመው መሮጥ የማይችለው፣ ወይም ከሁሉም ትንሹ፣ ወይም ዘግይቶ የመጣው ነበር። ሁለት ድንጋይ ይቀመጣል፣ «አንተ በር ቁም» ይባላል፣ አለቀ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከነጭራሹ አንጠራም፤ ግንብ ላይ ተቀምጠን ማየት ነበር ሥራችን። ስለዚህ ዛሬ በ33 ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ «ትርፍ ጊዜሽን በምን ታሳልፊያለሽ?» ለሚለኝ ሰው «በረኛ ነኝ» ብዬ ስመልስ ቢስቅብኝ አይገርመኝም። ቆየት ብሎ የበረዶ ሆኪ በረኛ መሆኔን ስነግረው ደግሞ ሳቁን ያቆምና ያየኛል።

የምኖረው ካናዳ ውስጥ ኤድመንተን በምትባል ከተማ ነው። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ የምሠራው በአንድ መካከለኛ ድርጅት የማርኬቲንግ ኦፊሰርነት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሰው ምን እንደሚገዛ እገምታለሁ። ማክሰኞ ማታ ግን ከጀማሪ ሴቶች ቡድን ጋር በረዶ ላይ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ምክንያቱም በደህናው ሰዓት ሜዳው የልጆች ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ወገን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይገባሉ። ሜዳው ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ወርዱ 26 ሜትር ገደማ ነው። ኳስ የለም። በምትኩ ፓክ የምትባል ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ክብ ጎማ አለች፤ ወርዷ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም። እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትገባለች። የደረቀ ጎማ ፊት ለፊታችሁ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲመጣ አስቡት። ከ9 ሜትር ርቀት ላይ ከተመታች እኔ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። የትልልቆቹ ተጫዋቾች ምት ደግሞ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቀላሉ ያልፋል፤ እሱን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።

አጀማመሬ የስፖርት ፍቅር አልነበረም። ሁለተኛ ልጄን፣ ሴቷን፣ በነሐሴ ወለድኩ። ክረምቱ ቶሎ መጣ። በታኅሣሥ ወር እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ትጠልቃለች። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። የሚያስለቅሰኝ ነገር አልነበረም፣ የሚያስቀኝም አልነበረም። ልጅቷን አጠባለሁ፣ ትልቁን ወንድሟን አለብሳለሁ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። ባለቤቴ የምሽት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ሐኪሜ ነገሩን በስሙ ጠራችልኝ፤ የምናገረው ሰው አገናኘችኝ፣ መድኃኒትም አዘዘችልኝ። ቀጥላም «በሳምንት አንድ ቀን ከቤት የሚያወጣሽ፣ ሌሎች ሰዎች የሚጠብቁሽ ነገር ፈልጊ» አለችኝ። እናንተም ከወሊድ በኋላ እንዲህ ያለ ጭጋግ ውስጥ ያለች እህት ወይም ሚስት ካለቻችሁ «ይለፍልሻል» ብላችሁ አትለፏት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። እኔ ሆኪ የጀመርኩት ከሐኪሙ ጋር እንጂ በሐኪሙ ምትክ አይደለም።

የሥራ ባልደረባዬ የጀማሪዎች ቡድን ነበራት። በረኛቸው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ነበር። «መንሸራተት በደንብ አልችልም» አልኳት፤ «እኛም አንችልም» አለችኝ። ከዚያ የማርኬቲንግ ሰው የሚገባውን አነጋገር ተናገረች፦ «በረኛ አይከፍልም።» እውነት ነው፤ በአዋቂዎች ጨዋታ በረኛ ስለማይገኝ ብዙ ቡድኖች በነፃ ወይም በግማሽ ክፍያ ያጫውታሉ። የማይነግሯችሁ የዕቃውን ዋጋ ነው። አዲስ ሙሉ ዕቃ ጥሩ ያገለገለ መኪና የሚያስይዝ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ሁሉንም ያገለገለ ገዛሁ፤ ጀማሪ አዲስ እንዲገዛ የሚመክር ሰው ሻጭ ነው ብዬ አምናለሁ። የጭንቅላት መከላከያውን ብቻ አዲስ ገዛሁ፤ በእሱ አልደራደርም።

የዚያን ዓመት ጥር ላይ እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ጎብኚ እንደመሆኗ ስድስት ወር ልትቆይልኝ። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ብርድ አያስፈራትም። የፈራችው ሻንጣዬን ነው። እኔን የሚያህል ሻንጣ ነው። አንድ ማታ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣች ሳሎን ውስጥ ደረደረችው፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን የሚደርሰውን የእግር ጋሻ፣ ደረትና ክንድ የሚሸፍነውን ጥሩር፣ መያዣውን ሰፊ ጓንት፣ በሌላው እጅ የሚጠለቀውን ሰሌዳ የመሰለ መመከቻ፣ የአንገት መከላከያውን፣ ጭምብሉን። «ልጄ» አለችኝ፣ «ይሄን ሁሉ ለብሰሽ የምትሄጂበት ቦታ ደግ ቦታ ነው?»

በጭምብሉ ታሪክ ላረጋጋት ሞከርኩ። ዣክ ፕላንት የሚባል የሞንትሪያል ካናዲየንስ በረኛ ነበር። በኅዳር 1 ቀን 1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጫወት አንዲ ባትጌት የመታት ፓክ ፊቱን ገመሰችው። ተሰፋ፤ ከዚያ አሠልጣኙ ባይወድም ለልምምድ የሚጠቀምበትን ጭምብል አጥልቆ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ከእሱ ወዲህ ነው በረኞች ጭምብል ማድረግ ልማዳቸው የሆነው። «ከእሱ በፊትስ?» አለች እማዬ። ከእሱ በፊት በባዶ ፊታቸው ይቆሙ ነበር። ይህን ባልነግራት ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ሌሊቱን ስትጸልይ አደረች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የት መቆም እንዳለብን። ከበረኝነት ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የውጭ ሰው በረኛ የሚያድነው በፍጥነትና በድፍረት ይመስለዋል። ቅድም ያልኩትን ግማሽ ሰከንድ አስቡት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እጄ የትም አይደርስም። ፓኳ ከመመታቷ በፊት ትክክለኛው ቦታ ላይ ካልቆምኩ፣ ከተመታች በኋላ የማደርገው ነገር ሁሉ ለፎቶ ነው።

በሩ ወርዱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር ነው። እኔ ቁመቴ 1.58 ነው። አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ልምምድ ረጅም ገመድ ይዛ መጣች። አንዱን ጫፍ በግራው ቋሚ፣ ሌላውን በቀኙ ቋሚ አሰረችና ገመዱን መሃሉ ላይ ይዛ ከበሩ ፊት ለፊት 9 ሜትር ርቃ፣ ፓኳ ባለችበት ቦታ በረዶው ላይ ተንበረከከች። ሦስት ማዕዘን ሆነ። «ፓኳ ጎል ልትገባ የምትችለው በእነዚህ ሁለት ገመዶች መካከል ካለፈች ብቻ ነው» አለች። «አሁን በሩ መስመር ላይ ቁሚ።» ቆምኩ። ከገመድ እስከ ገመድ 1.83 ሜትር። «ሜትር ተኩል ወደ እኔ ነይ።» ርቀቱ ወደ 1.52 ጠበበ። «ሌላ ሜትር ተኩል።» 1.22። እጄን ዘርጋ ሳደርግ ሁለቱንም ገመድ ነካሁ። እኔ አልወፈርኩም፤ በሩ ነው የጠበበው። ቁመቱም እንዲሁ ነው፤ ከበረዶ ላይ ያለችው ፓክ ወደ ላይ የምታየው ክፍተት ወደ እሷ በቀረብኩ ቁጥር ያንሳል። አጭር በረኛ ትንሽ ወጣ ብላ መቆም ያለባት ለዚህ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፖዚሽኒንግ የሚባል ነገር ተምሬ ነበር። ዕቃህ በደንበኛው አእምሮ ውስጥ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ቢሮ ውስጥ ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እንለዋለን፤ የት እንደቆምን ግን ማንም በሜትር ለክቶ አያውቅም። በረዶ ላይ ውጤቱ ወዲያው ይነገራችኋል፤ ያውም በቀይ መብራት።

ያንኑ ማታ ለልጄ ላሳየው ብዬ ሳሎን ውስጥ ክር በሁለት ወንበር እግር አስሬ ሳብራራ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማ ነበር። «ይሄን ለመማር ነው በሌሊት የምትሄጂው?» አለች። «ዶሮ ይዘሽ አታውቂም እንዴ?» ቢላዋዋን አስቀምጣ መጣችና መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «የዓውድ ዓመት ዶሮ አመለጠችሽ እንበል። ሮጠሽ አትደርሽባትም። መውጫዋን ነው የምትይዢባት። በሩ ላይ ከተጣበቅሽ በጎንሽ ታልፋለች። ፈቀቅ ብለሽ ወደ እሷ ከቀረብሽ መሄጃ ታጣለች። በጣም ከቀረብሽ ደግሞ በእግርሽ መሃል ሾልካ ትሄዳለች።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የአሠልጣኜን የአንድ ወር ትምህርት ጨረሰችው። በሆኪ ቋንቋ በእግር መሃል ያለው ክፍተት የራሱ ስም አለው፤ አምስተኛው ቀዳዳ ይባላል። እኛ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ «የዶሮ መንገድ» ነው።

እማዬ እንዳለችውም መውጣት ልክ አለው። ሦስት ሜትር ወጥቼ ቆሜ ባለ ፓኳ ከመምታት ይልቅ ወደ ጎን ላለችው ጓደኛዋ ብታቀብል፣ እኔ ከዚያ ርቀት ወደ ሌላኛው ቋሚ ስመለስ ባዶው በር ሰው እየጠበቀ ነው። ስለዚህ እንደሁኔታው ነው። ባለ ፓኳ ብቻዋን ከሆነች ወጣ፤ ከጎኗ ሰው ካላት ገባ። ብቻዋን እየሮጠች ስትመጣ ደግሞ ቀድሜ ራቅ ብዬ እወጣና፣ ስትቀርብ በእሷው ፍጥነት ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ አብሬያት እገባለሁ፤ ካልሆነ በጎን ዞራኝ ታልፋለች።

ሌላው፣ ለጀማሪ በጣም የሚከብደው፣ ፓኳን እንጂ ሰውየዋን አለማየት ነው። ዓይናችን በተፈጥሮው ፊትና ትከሻ ይከተላል። ነገር ግን ቀኝ እጅ ተጫዋች ፓኳን የምትይዘው ከሰውነቷ ውጪ፣ በዱላዋ ጫፍ ነው፤ ከአካሏ አንድ ሜትር ያህል ልትርቅ ትችላለች። ደረቷ ፊት ለፊት ከቆምኩ ከፓኳ ፊት ለፊት አይደለሁም። አሠልጣኛችን በፓኳና በበሩ መሃል አንድ መስመር እንድናስብና ሆዳችንን በዚያ መስመር ላይ እንድናስቀምጥ ታደርገናለች። ወደ ኋላ ዞሮ በሩን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ በዱላዬ ወይም በጓንቴ ቋሚውን ነካ አደርጋለሁ። ማታ መብራት ሳያበራ ግድግዳ እየዳሰሰ ውኃ የሚጠጣ ሰው ቤቱን እንደሚያውቀው ነው። በረዶው ላይ የተቀባው ሰማያዊ ክልል ጠርዝም ምን ያህል እንደወጣሁ ይነግረኛል።

አቋቋሙ ራሱ ለጉልበትና ለወገብ የሚመች አይደለም፤ ልጅ ካዘለች ሴት ወገብ ጋር ሲደመር አስቡት። ጉልበት እጥፍ፣ ክብደት ወደ እግር ፊት፣ ደረት ቀና፣ ሁለቱ እጆች ከሰውነት ፊት፣ ራሳችሁ ልታዩዋቸው በምትችሉበት ቦታ። የዱላው ሰፊ ክፍል ሁልጊዜ በረዶው ላይ። በጀማሪ ጨዋታ አብዛኛዋ ፓክ በምድር እየተንሸራተተች ነው የምትመጣው፤ ዱላ ወደ ላይ ካነሳችሁ የዶሮ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

እንቅስቃሴው ሁለት ዓይነት ነው። ለአጭር ርቀት፣ ፊታችንን ከፓኳ ሳናነሳ፣ ሁለቱም እግሮች ወደ ፊት እንደተመለከቱ በጎን ፈቀቅ ፈቀቅ ማለት። ለረጅም ርቀት አንዱን እግር መሄድ ወደምንፈልግበት አዙሮ በሌላው ገፍቶ መንሸራተት። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ቁም ነገሩ፦ መጀመሪያ ዓይንና ጭንቅላት ይዞራሉ፣ ከዚያ ሰውነት፣ መጨረሻ ላይ እግር ይገፋል። ደግሞም ፓኳ ከመመታቷ በፊት መቆም ያስፈልጋል። እየተንሸራተተች ያለች በረኛ ከሄደችበት በተቃራኒ ለሚመጣ ምት ምንም ማድረግ አትችልም። ስለዚህ ልምምዳችን ግማሹ ፓክ የለውም፤ ከቋሚ ወደ ቋሚ፣ ከቋሚ ወደ ጠርዝ፣ መሄድ፣ መቆም፣ መሄድ፣ መቆም። አሰልቺ ነው። እኔ ወደድኩት። በዚያ ክረምት ጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ምንም የማይገባበት ሃያ ደቂቃ እሱ ነበር።

ከዚያ ቢራቢሮው አለ። ጉልበቶች አንድ ላይ በረዶ ይነካሉ፣ የእግር ጋሻዎቹ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ ይዘረጋሉ፣ ዱላው መሃሉን ይዘጋል። ከመሬት ጋር የምትመጣውን ሁሉ ያስቀራል። ይህን አወዳደቅ ቀድሞ ያሳየው ግሌን ሆል ነው፤ ዓለም ሁሉ እንዲከተለው ያደረገው ግን ፓትሪክ ርዋ የተባለው የሞንትሪያል በኋላም የኮሎራዶ በረኛ ነው፤ የፍጻሜ ውድድሮቹ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሦስት ጊዜ ተሸልሟል። ጀማሪ ይህን እንደተማረች ገና ባለ ፓኳ ዱላዋን ስታነሳ መውደቅ ያምራታል። ከወደቀች በኋላ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ክፍት ነው። ምቱ እስኪወጣ በእግር መቆየት የትዕግሥት ጉዳይ ነው፤ ትዕግሥቱ ደግሞ የሚመጣው ትክክለኛ ቦታ ላይ መቆማችሁን ስታምኑ ነው። አነሳሱም ሥርዓት አለው፦ ወደ ግራ ለመሄድ በቀኝ እግር፣ ወደ ቀኝ ለመሄድ በግራ እግር መነሳት፤ የሚነሳው እግር ነውና የሚገፋው። በቪዲዮ የምታዩት ቋሚ ላይ ተደግፎ በአንድ ጉልበት የመቀመጥ ዘዴ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጀማሪ ጊዜዋን ባታጠፋበት ይሻላል። መቆም ሳንችል መውደቅን ማሳመር ነው።

ቤት ውስጥ የምሠራው ነገር ብዙ አይደለም። የቴኒስ ኳስ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ እየወረወርኩ በሌላው እቀልባለሁ። ትልቁ ልጄ፣ ያኔ ሰባት ዓመቱ፣ የተጠቀለለ ካልሲ በኮሪደሩ ይመታብኛል፤ እናቴ ልጅቷን ታቅፋ ጎል ትቆጥራለች፣ ለእሱ እያዳላች። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሆኪ የነጮች ነው ይላሉ» አለኝ። መልሱ ሩቅ አልነበረም። ከኤድመንተን ወደ ምዕራብ ትንሽ እንደተነዳ ስፕሩስ ግሮቭ የምትባል ከተማ አለች። ግራንት ፉር የተወለደው እዚያ ነው፤ ጥቁር ነው፣ በረኛ ነው። ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር በ1984፣ 85፣ 87፣ 88 እና 90 የስታንሊን ዋንጫ በልቷል። በ2003 ወደ ሆኪው የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም እሱ ነው። 31 ቁጥር ማልያው በኦይለርስ ሜዳ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ የካልሲውን ጨዋታ ቦታ እንድንቀያየር ጠየቀኝ፤ እሱ በር ላይ፣ እኔ መቺ።

የልጆቹ እንዲህ መሆን እማዬን አላለሰለሳትም። መጋቢት ላይ በግልጽ ተናገረችኝ። «ባልሽ ሌሊት ይሠራል። የስድስት ወር ልጅ ጥለሽ በዚህ ብርድ ትወጫለሽ። እኔ ሰኔ ላይ ስሄድ ማን ሊይዝልሽ ነው?» ስለ ሰኔው እኔም አስቤበት ነበር፤ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረኝም። ስለ ወንበሩና ስለ ግድግዳው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነገርኳት። በስልክ ያልነገርኳት ነገር ነበር፤ አገር ቤት ላለ ሰው በስልክ የሚነገረው «ደህና ነን» ብቻ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እኔም አንቺን እንደወለድኩ ነበረብኝ» አለች። «ያኔ ስም አልነበረውም። ጎረቤት ቡና እያፈላ አላስተኛ አለኝ እንጂ።» እዚህ የሚያፈላ ጎረቤት የለም። የሚደውል ቡድን ግን አለ፤ በረኛ ካልመጣ ጨዋታ የለምና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሦስት ጊዜ ይጮሃል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ባለቤቴ ፈረቃ ቀይሮ ከልጆቹ ጋር ዋለ፤ እማዬ ጋቢዋን ደርባ አብራኝ መጣች። ቀዝቃዛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ገና ጨዋታው እንደተጀመረ አንዷን ተጫዋች አስቁማ፣ በምልክትም በአማርኛም፣ የዱላዋን ቆልማማ ጫፍ እያየች ሳቀች። በኋላ ነው የነገረችኝ፦ «ይሄማ ገና ነው! ሜዳው በረዶ ሆነ እንጂ።» ወንድሞቿ በልደት ቀን ከሰዓት በኋላ ቆልማማ ዱላ ይዘው በሜዳው ሩር ሲያራውጡ፣ ቅልጥማቸው ተገሽልጦ ሲመለሱ ታስታውሳለች። እነሱ የእግር ጋሻም አልነበራቸው። እንዲያውም ስለዕቃዬ ብዛት ያላት አስተያየት ከዚያ ቀን ጀምሮ ተገለበጠ፤ አሁን የሚያንስ ነው የሚመስላት።

ያን ማታ አራት ለሁለት ተሸነፍን። ሦስተኛው ጎል የገባው ከፊት ለፊቴ ሁለት ሰው ቆሞ ፓኳን ሳላያት ነው። የቡድን ጓደኞቼ ምንም አላሉም። በዚህ ጨዋታ ልማድ አለ፤ ከጨዋታ በፊትና በኋላ፣ ጎል ሲገባም፣ ተጫዋቾች አንድ በአንድ መጥተው የበረኛዋን የእግር ጋሻ በዱላቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ቃል የለውም። በሩ ላይ ከተቀመጠው ኮዳዬ ውኃ ተጎነጨሁ፣ ወደ መስመሬ ተመለስኩ። እማዬ መስታወቱ ድረስ መጥታ ቆማ ነበር። ስንወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስትሸነፊ ለምን በዱላ ይመቱሻል?» የሚል ነበር። ነገርኳት። መኪና ውስጥ ሆና ደግማ ጠየቀችኝ፤ «ከገባብሽም በኋላ?» አዎ፣ ከገባብኝም በኋላ።

ሰኔ ላይ ኤርፖርት ሸኘኋት። ሻንጣዋ አልፎ፣ ልጆቹን ስማ፣ ባለቤቴን መርቃ፣ እኔን አቅፋ ከለቀቀችኝ በኋላ ዞር ብላ በጃንጥላዋ ጫፍ ሁለቱንም ቅልጥሜን ጠቅ ጠቅ አደረገችና ወደ ፍተሻው ሄደች።

ሁለተኛው ክረምት አሁን እየተጋመሰ ነው። ሐኪሜን በየሁለት ወሩ አገኛታለሁ። ልጆቹን ማክሰኞ ማታ የምትይዝልኝ ከቡድናችን አንዷ ተከላካይ ናት፤ እሷ የተቀመጠችበትን ጨዋታ እኔ እሄዳለሁ፣ ሐሙስ ደግሞ የእሷን ልጆች እኔ እይዛለሁ። ከመጡብኝ ምቶች ስንቱን እንዳዳንኩ በስልኬ እመዘግባለሁ፤ በትልልቆቹ ሊግ ያሉት በረኞች ከ100 ምት ወደ 90 ያድናሉ፣ እኔ ባለፈው ወር ከ100 ውስጥ 81 ላይ ነኝ፣ አምና በዚህ ጊዜ 68 ነበርኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የምንገጥመው ያን አራት ለሁለት ያሸነፈንን ቡድን ነው። 17 ቁጥራቸው ፓኳን በግራ ይዛ ትመጣና ሁልጊዜ ከጓንቴ በላይ ትመታለች። ግማሽ እርምጃ ወጣ ብዬ ልጠብቃት አስቤያለሁ።